ከብስክሌት የወረድነው ለማን እንደ ነበር

ሐምሌ 21 ቀን
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር አቶ እንዳላማው
የቀጠናችን የመንገድ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ በታዘዝነው መሠረት ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ነጩ መኪናዎ እና በተለይም የግራ እግርዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወደ ግራ እግርዎ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

እኔ አሰገደች ደመላሽ የብስክሌት ክለባችን ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ሹመቱ ለእኔ ደረሰ። በሰኔ ወር የላኩልን ደብዳቤ፣ ክለቡ «ለኃላፊ ተገቢውን ክብር ስላልሰጠ» ይቅርታ በጽሑፍ እስኪጠይቅ ድረስ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ያዝዛል። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመትቶበታል፤ አንዱ ተገልብጧል፣ ቸኩለው ይሆናል። እነሆ ይቅርታው።

1ኛ. ስለ ክብር። በሰኔ፣ በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ወደ አማኑኤል ከተማ ስንጓዝ ከሚካኤል ደጅ ስንደርስ አሥራ አንዳችንም ከብስክሌታችን ወረድን። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ እንደሚወርድ እርስዎም ያውቃሉ፤ እኛም ብስክሌታችንን እንደ በቅሎ ቆጥረን ይህንን ሥርዓት አንድ ቀን አጉድለን አናውቅም። ጫማ ነጋዴዋ መዲና እንኳ ሙስሊም ሆና ሳለ አብራን ትወርድና እስክንሳለም ድረስ ብስክሌታችንን ትጠብቃለች። ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹም ሻሻችንን አስተካክለን ጎንበስ እንዳልን፣ መኪናዎ መጥቶ በእኛና በደጀ ሰላሙ መካከል ቆመ። እርስዎም ወርደው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «ኧረ ተነሡ፣ ኧረ በእግዜር! ይህን ያህል እንኳ ባልደከማችሁ» አሉን። ቀጥለውም ኮሚቴው ስላስገኘው ውጤት ንግግር አደረጉ። እኛም በጨዋነት እንዳጎነበስን አዳመጥን። ንግግሩ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲሻገር ግን መዲና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉላቸው፤ የሚሳለሙት ከጀርባዎ ያለውን ነው» አለችዎ።

ከመካከላችን «አንዲት ግለሰብ በድፍረት ስቃለች» ብለው ጽፈዋል። ስሟን ሳይጠቅሱ ስላለፉ ልርዳዎት፤ አሰገደች ትባላለች። እስከ ዛሬም አልጨረሰችም።

2ኛ. ስለ ምስጋና። ከአስፋልት ስላባረሩን በባሕር ዛፉ ውስጥ የሚያልፈውን የእግር መንገድ ለማወቅ በቃን። ብስክሌት ጠጋኙ ምስጋናው በአንድ ቀን ስድስት ጎማ ለመለጠፍ፣ እኔም ብስክሌቴን በትከሻዬ ተሸክሜ ወንዝ ለመሻገር ዕድል አገኘን። አንድ ገበሬ ቆም ብለው አዩኝና፣ «እመቤቴ፣ ከብስክሌቱ ጋር በተራ ነው እንዴ የምትጫጫኑት?» አሉኝ። በእርስዎ ምክንያት እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንዴ ለስላሳ ቦታ ላይ።

ቧልቱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጓደኛችን ወንጌላዊት በጭቃው ተንሸራታ እጇ ተሰብሯል፤ ሌላ አንዲት ጓደኛችንም ከዚያ ወዲህ ከክለቡ ቀርታለች። እኔ ፔዳል የረገጥኩት አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነው። በልጅነቴ ለሴት ነውር ነው ተብዬ፣ ካገባሁ በኋላ ጊዜ አጥቼ። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ሻሼን ከኋላዬ ሲያርገበግበው በዚህ ዕድሜዬ ጮኼ እስቃለሁ። እርስዎ በሁለት ማኅተም የዘጉት ያንን መንገድ ነው።

3ኛ. ስለ ባለፈው ሐሙስ። አስፋልት አለመውጣታችንን በዓይንዎ ለማረጋገጥ ያንን ሁሉ ዝናብ ሳይፈሩ በእግር መንገዱ በመኪና ስለተከተሉን ትጋትዎን አደንቃለሁ። መኪናው ግን ትጋትዎን አልተጋራም፤ እስከ በሩ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ በጥሞና ያንብቡልኝ፦ በዚያች ሰዓት የቀረነው ዘጠኛችንም ከብስክሌታችን ወርደናል። ይህኛው መውረድ በእርግጥም ለእርስዎ ነበር። ጎንበስም ብለናል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ መኪና የገፋ ሰው የለምና። እርስዎ በግራ እግርዎ ጭቃውን ሞክረው ወዲያው ከተመለሱ በኋላ፣ ከውስጥ ሆነው «አይዟችሁ!» ይሉን ነበር፤ ንግግር ባለማድረግዎ ግን ሁላችንም ተገርመናል።

ስለዚህ በሰኔ ጎደለ የተባለው ክብር በሐምሌ፣ በዘጠኝ ሰው ጀርባ፣ ገበሬዎች እያዩ ተሟልቷል። ይህ ደብዳቤም በጽሑፍ የታዘዘው ይቅርታ ስለሆነ፣ በራስዎ ትእዛዝ መሠረት እገዳው ዛሬ አብቅቷል። ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ነን፤ ሚካኤል ደጅ ስንደርስም እንደ ልማዳችን እንወርዳለን።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ መንገድዎን ያድርቅልን፣ ከፊትዎ የሚያጎነብስ ሁሉ ምን ፈልጎ እንደሆነ የሚያስተውሉበት ዓይን ይስጥልን እያልኩ፣ ትእዛዝዎን ከነተገለበጠው ማኅተሙ በክብር ፋይል ያደረግሁት፣

አሰገደች ደመላሽ
የክለቡ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለባጃጅ ተራ
ለመዲና ሱቅ በር
ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ጭቃው ያስቀረው የግራ እግር ጫማዎ ተገኝቶ፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ መዲና ሱቅ ተቀምጧል፤ በፈለጉ ጊዜ መጥተው ይውሰዱ። ሲገቡ ደንበኞቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ቢያገኟቸው ግን እባክዎ ንግግር አይጀምሩ፤ ጫማ እየለኩ ነው።