ከላይፕዚግ የሚጠበቅ ደብዳቤ፦ የአቶ ክንፉ ማንደፍሮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንፉ ከአባታቸው ከአቶ ማንደፍሮ በላቸው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሀረገወይን ይመር እ.ኤ.አ. በ1950 ወልድያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በ1970 አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ተቀጠሩ። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንላቸውም ነበርና፣ በ1978 የምሥራቅ ጀርመን የፖስታ ሥልጠና ሲገኝ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው።

ላይፕዚግ ደብዳቤ እየለዩ ሲሠሩ በ1980 ከጀርመናዊት ባልደረባቸው ማርታን ወለዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገር ቤት እንዲመለሱ ሲታዘዙ፣ ልጃቸውን ከእናቷ ጋር ትተው ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻገሩ። መመለሻው ተዘጋ። የሚልኩት ደብዳቤም "አድራሻው አይታወቅም" ተብሎ ይመለስ ጀመር።

በ1984 አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገቡ። ሳን ሊያንድሮ መጋዘን፣ ሳን ሆዜ ሹፌርነት፣ ተመልሰው ኦክላንድ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት አፓርትመንት ቀያየሩ። በ1987 ወ/ሮ የሺሃረግን አግብተው እድላዊትን ወለዱ፤ ስለ ማርታ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ፣ በ1993 የየሰፈሩ መለያ የሆነው የፖስታ ቁጥራቸው ከአራት አኃዝ ወደ አምስት ተለወጠ። አቶ ክንፉ አዲሱን የቁጥር መጽሐፍ ጀርመን ካለ አንድ የቀድሞ የሥራ ጓደኛቸው አስልከው፣ በላይፕዚግ ቁጥሮች ሁሉ "ለዚህ ሰፈር ፖስተኛ" እያሉ፣ ማርታን እንዲያፈላልጉላቸው መጻፍ ጀመሩ። ወ/ሮ የሺሃረግ የደብዳቤውን ክምር አገኙት። "ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ልጅ እንዳለህ ከደብዳቤ ላይ ላንብብ?" ብለው ሳን ሆዜ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። በሦስተኛው ወር ተመልሰው "እስካሁን መልስ የለም?" ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ቴምብር የሚለጥፉት እሳቸው ሆኑ።

አቶ ክንፉ ፋታ አልነበራቸውም። ከሥራ ሲገቡ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ የፖስታ ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ እሑድ እንኳ፣ ፖስታ እንደማይመጣ እያወቁ። በ1996 አንዲት ፖስተኛ "አድራሻዋን እንድነግርህ ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ ደብዳቤህን ግን በእጇ ሰጥቻታለሁ" ብላ ጻፈችላቸው። ከወር በኋላ የማርታ ደብዳቤ ደረሰ። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ለምን ሄድክ?"

መልሱን ስንት ጊዜ ጽፈው ቀደዱት! በመጨረሻ "ነይና ፊት ለፊት ጠይቂኝ" ብለው ቲኬት ላኩላት። ማርታ በጁላይ 1997 መጣች። አባትና ልጅ ሌክ ሜሪት የተባለውን የኦክላንድ ሐይቅ ሲዞሩ ዋሉ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም፤ አመሻሹ ላይ ዓይናቸው አብጦ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ።

አቶ ክንፉ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1998 በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። ይህ ሁሉ ሳይሸሸግ እንዲነበብ የፈቀዱት ወ/ሮ የሺሃረግ ናቸው። የልጆቹ ስም ሲጻፍም "ማርታን አስቀድሙ፤ ታላቅ ናት" ብለዋል።

አቶ ክንፉ የማርታ እና የእድላዊት አባት፣ የወ/ሮ የሺሃረግ ባለቤት ነበሩ። እግዚአብሔር ዕረፍት ያጣች ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለሦስቱም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።