የሰባት ቁጥር አምስተኛ ጥፋት

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1978

ሾሙኝ። የአውራጃው ቅርጫት ኳስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመጀመሪያዋ ሴት። ሲያጨበጭቡ ከኋላ አንዱ «ኳስ ስትነካ እንኳ አይቻት አላውቅም» አለና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ በራሴ ማንበብ ተማርኩ። ዕቃ ቤት ጠባቂ ሳለሁ የጨዋታውን ደንብ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የጨዋታ ጸሐፊ አድርገው ነጥብና ጥፋት የሚመዘገብበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። እዚህ የደረስኩት በዚያ ነው።

የአውራጃው ስፖርት ሊቀመንበር «በዘጠኝ ዓመት አንድ ስሕተት ያልተገኘባት» ብለው አመሰገኑኝ። ዓይናቸውን ሳላይ አመስግኜ ተቀመጥኩ።

የሚሠራ፦ መረቡን ማስጠገን። ለመስመሩ ኖራ። ለቅዳሜው ጨዋታ የጥላ ሸራ። ለሴቶቹ ቡድን አሠልጣኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፈው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከክፍለ ሀገር ተጫዋች መራጮች መጥተዋል። ሰባት ቁጥር የለበሰችው ዘሀራ፣ ከጀውሃ ከተማ የመጣች ልጅ፣ የሚደርስባት አልነበረም። ግን አራት ጥፋት ተይዞባታል፤ አምስት የሞላባት ትወጣለች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ቀና ስል በጣቱ ያሳየው ቁጥር አልፎኛል። በደንቡ ያጠፋች ልጅ እጇን ወደ ጠረጴዛው ታነሣለች። ዘሀራ እጇ ግንባሯ ላይ ነበር። ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም» ብላ መጣች። ፊቴ ቆማ እንደገና እጇን አነሣች፤ ከጀርባዬ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብታለች። ያኔ ገባኝ፤ ቅድምም ዓይኗን መከለሏ ነበር።

ዳኛው «ሰባት ነው ያልኩት?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ሴት ተቀምጣበት በማታውቀው ወንበር ላይ፣ ገና በመጀመሪያ ቀኔ ተሳሳተች እንዳልባል።

መራጮቹ ስሟን ሳይይዙ ሄዱ። እሷም ሜዳ ተመልሳ አልመጣችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ጀውሃ ሄድኩ። ዘሀራ መንገዱ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍታለች።

«እትዬ አስካለ! ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ።

ጓዳ ገብቼ ነገርኳት። ሳህን ማጠቧን አላቋረጠችም። አሠልጣኝ እንድትሆንም ለመንኳት።

«መጀመሪያ ለአባቴ ይንገሩልኝ» አለች። «‹በሰው ፊት አጥፍታ ተባረረች› ብሎ ነው ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ። እስከ ዛሬ አላመነኝም።»

አባቷ ጋሽ ሰይድ ጓሮ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ።

«አይቻለሁ» አሉኝ። «ያን ቀን ከሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ዓይኗን ነው የከለለችው። ወላሂ፣ እሷን ቤት የማስቀርበት ምክንያት እፈልግ ነበር። አንቺ ሰጠሽኝ።»

ዘሀራ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። የያዘችውን ጆግ መሬት አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ሾፌሮቹ ሻይ እያሉ ይጣራሉ።

በጭነት መኪና ተመለስኩ። የራሴን ሸክም ላወርድ ሄጄ እሷን የባሰ አሸክሜያት መጣሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። «ጓድ አስካለ፣ የዘጠኝ ዓመት ወረቀት ማን ያነበዋል? ይተዉት፤ ሹመትዎን ያበላሹታል» አሉኝ።

የያን ቀኑን የጨዋታ ቅጽ ከዕቃ ቤት አወጣሁ። አቧራ በልቶታል፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። ከግርጌው «አምስተኛው ጥፋት የሰባት ቁጥር አይደለም፤ ስሕተቱ የጸሐፊዋ ነው» ብዬ ፈረምኩ። የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሸራው አልተገኘም። አሠልጣኝም የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ከሹመቱ እስካሁን አላነሱኝም። ወረቀቱን አንብበውት እንደሆነም አላውቅም።

ጠረጴዛውን ዛፍ ጥላ ሥር አስወሰድኩት፣ ፀሐይዋ ወደ ጠረጴዛው የምታይ ልጅ ዓይን ውስጥ እንዳትገባ። ዛሬም የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ዳኛውን «ስንት ቁጥር?» እላለሁ። ሰለቸው።

በእረፍቱ አንድ ጭነት መኪና ቆመ። ዘሀራ ወርዳ ከሜዳው ማዶ ቆመች። እጇን አነሣች። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ሰው እያየኝ፣ ሜዳውን ዞሬ ሄድኩ።

«ሰላም ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ለፀሐይ ነው» አለችኝ።

ወደ ጥላው ይዣት መጣሁና ወንበር አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም። ጨዋታው እስኪያልቅ ግን አልሄደችም።