ዳኛ ያላየውን ፋውል የተናገሩት የአቶ ግሊን ፕሮሰር የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1947 በዌልስ ከባድ በረዶ ጣለ። መንገድ ተዘጋ፤ ባቡር ቆመ። ከሰል ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ከሰል አጥተው በብርድ ተቀመጡ። አቶ ግሊን ፕሮሰር በዚያ ፌብሩዋሪ ከከሰል ቆፋሪው ከአቶ ኢቫንና ከወይዘሮ ሜገን ተወለዱ።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው ከአባታቸው ጋር የከሰል ጉድጓድ ወረዱ። ማታ ማታ በሠራተኞች ክበብ ስኑከር የተባለውን በጠረጴዛ ላይ በእንጨት የሚመታ የኳስ ጨዋታ ተማሩ፤ በ1976 መተዳደሪያቸው አደረጉት። በ1984 ከሙያተኞቹ ተራ ላለመውጣት አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ነበረባቸው። እየመሩ ሳሉ እጅጌያቸው ኳስ ነካ፤ ይህ ፋውል ነው። ዳኛው አላየም። በስኑከር ወግ ግን ፋውሉን የሚናገረው የሠራው ሰው ነው። ተናገሩ፤ ተሸነፉ። ጓደኞቻቸው ሞኝ አሏቸው።

በ1991 ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥተው ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በአንድ መጋዘን ተቀጠሩ። እዚያም ከእህቴ ከወይዘሮ ቆንጅት ጋር ተዋወቁ። ሽማግሌ ሲልኩ ከዘመድ መሐል «ለፑል ቤት ሰው ልጅ አይሰጥም» ያለ ነበር። በ1994 ተጋብተው ማርቲንዴል ሰፈር ኖሩ፤ ልጃቸውን ምሥራችን ወለዱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች ስኑከር ያሠለጥኑ ነበር። ፋውል ሠርቶ ዝም ያለውን ልጅ የመጫወቻ እንጨቱን ተቀብለው ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ወላጆች ግን «ጋሼ ግሊን፣ ማሸነፍ ያስተምሩልን፤ ንስሐማ እዚህም አለ» ይሏቸው ነበር።

በ2013 ማትያስ የተባለው ተማሪያቸው ለወጣቶች ዋንጫ ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ ከመጣው ልጅ ከሃበን ጋር ተጋጠመ። የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ብቻ ቀረች፤ ያገባት ያሸንፋል፣ ፋውል የሠራባት ይሸነፋል። ሃበን ሳታት። ማትያስ ሊመታት ሲያጎነብስ በእጅጌው ነካት። አቶ ግሊን ብቻ አዩ። ልጁ ዝም ብሎ መታ፤ ዋንጫውን ወሰደ። መኪና ውስጥ ሲጠይቁት «ነክቻለሁ፤ ግን ማንም አላየም» አላቸው።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ልጁ ከነዋንጫው መድረክ ላይ እንዲወጣ ተደረገ። አቶ ግሊን ተነሥተው «ይህ ዋንጫ የሃበን ነው፤ ዕዳ አለብህ» አሉ። እንዳልሰማ ሆኖ ሕዝቡ እልል አለ። ቅናት ነው ተባሉ። እልል ካሉት ብዙዎቹ አሁን ጥቁር ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ግሊን ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አላሠለጠኑም።

በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ዲሴምበር 9 ቀን 2025 በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቆንጅትንና ልጃቸውን ምሥራችን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሐሰት በማይገባበት ቤት ያኑርልን።

ከማረፋቸው በፊት የሆነውን እንድጽፍ ቆንጅት አዛኛለች። ሕመሙ ሲጠና ማትያስ ሊጠይቃቸው መጣ። አሁን የልጆች አባት ነው። አቶ ግሊን በሩ እንዳይከፈት አደረጉ፤ «መጀመሪያ ኤርድሪ» ብለው ላኩበት። ማትያስ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ሃበንን ፈልጎ አገኘው፤ በሃበን ሚስትና ልጆች ፊት ያደረገውን ተናግሮ አስረከበው። በማግስቱ ሃበን ለአቶ ግሊን ደወለ። «ጋሼ ግሊን፣ ደርሶኛል» አለ።

አቶ ግሊን «እሺ፤ አንተስ ያችን ጥቁር ኳስ እንዴት ሳትካት?» ብለው ጠየቁት። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እግሩን የት ማቆም እንደነበረበት አንድ በአንድ አስረዱት። ስልኩን ሲዘጉ፣ ተመልሶ በር ላይ ይጠብቅ የነበረው ማትያስ እንዲገባ አዘዙ።