ጋደም ያለው ጫፍና የእልፍነሽ «ፍርሃት»

ይድረስ ለተከበሩ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ልብ ስል የራሴን ማለቴ ነው፣ የባለቤቴ ለጊዜው አይነሣ። የማዕከልዎን ስም ያልጻፍሁት ንቄ ሳይሆን ዝናዎን ከአንድ የቡሬ እህል ነጋዴ ጋር ላለማነካካት ነው።

ባለቤቴ እልፍነሽ ጅጋ ገበያ መሀል ሳይቀር ልቧ በድንገት እየጋለበ የሚጥላት ሴት ነበረች። እናንተ ዘንድ ይዣት መጣሁ። ከታፋዋ ደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ፣ ልቧ ውስጥ የተገኘውን ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ በሙቀት ተኩሳችሁ፣ «ድናለች፤ መድኃኒቱንም ታቁም» ብላችሁ ሸኛችሁን። ስለ ቅልጥፍናችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቤቱታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ. ክረምቱ ሳይወጣ ልቧ እንደ ቀድሞው ጋለበ። ተመልሰን ብንመጣ ሐኪምዎ ደረቷን እንኳ ሳያዳምጡ «እኛ ተኩሰነዋል፤ ይኼ ፍርሃት ነው» አሏት። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዓይን ብቻ ፍርሃትን መለየት ታላቅ ጥበብ ነውና አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

፪ኛ. እልፍነሽ አመነቻችሁ። ከዚያ ወዲህ ሲነሣባት ጓዳ ገብታ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። እህቷ እናኑ «ምን ሆንሽ?» ስትላት «ምንም፣ ፈርቼ ነው» ትል ነበር።

፫ኛ. ፍኖተ ሰላም ላይ ከጋሪ ስትወርድ ራሷን ስታ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፤ ክንዷም ተሰበረ። ወደ ሌላ የልብ ሐኪም ተላክን፤ ዶክተር ሕሊና ይባላሉ። ሽቦው ልቧ ውስጥ ሳለ ያነሣችሁትን፣ ከእናንተ የመጣውን ምስል አስቀምጠው አሳዩን።

«የሽቦው ጫፍ የልቡን ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጋደም ብሎ ነው የነካው» አሉ። «እንዲህ ሲሆን ቁስሉ ላይ ላዩን ይሰፋል እንጂ አይጠልቅም። መንገዱ ደግሞ ያለው ጠለቅ ብሎ ነው። ለጊዜው ደነዘዘ እንጂ አልሞተም።»

እልፍነሽ «ታዲያ ፍርሃት አልነበረም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አልነበረም፣ እናቴ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ዶክተሯ ጫፉን ቀጥ አድርገው አቁመው እንደገና ተኮሱት፤ ልቧም ከዚያ ወዲህ አልጋለበም።

ክቡርነትዎ፣ የጫፉ መጋደም አላስቀየመኝም፤ በሚመታ ልብ ውስጥ ሽቦ ማቆም ቀላል እንዳልሆነ ተነግሮኛል፣ ሰውም ይስታል። ያቃጠለኝ ምስሉ እጃችሁ ላይ እያለ አንድ ሰው እንኳ መልሶ አለማየቱ፣ የሽቦውም ስሕተት በሴትዮዋ ጠባይ መሳበቡ ነው። ካሣ አልጠይቅም። «አልፈራሽም ነበር» የሚል አንድ መስመር ብትጽፉላት ይበቃኛል። ድናለች፤ ነገር ግን ዛሬ ራሷን ቢያማት እንኳ «አመመኝ» ከማለቷ በፊት እናምናት እንደሆነ የሁላችንንም ፊት ታያለች።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አዛናው ገብረሰንበት፣ የእልፍነሽ ባል
ቡሬ

ማስታወሻ፦ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ይምረጡ» የሚል መልእክታችሁ በእልፍነሽ ስልክ ደርሶናል። ምን ልበላቸው ብላት «አምስት በላቸው፤ ኋላ ብንታመም አይቀበሉንም» አለችኝ። አምስት ብያለሁ።