ለሴቶች አረፋ አተካና

ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም ከኩሽና ተባረርኩ። በአማቴ፣ በእማማ ሩቂያ። ቅቤ እያነጠሩ ነው። ልርዳዎት ብል ሂጂ አረፍ በይ አሉኝ። እኔ እኮ መርካቶ ያደግኩ፣ የስልጤ ሙያ የማላውቅ ምራት ነኛ! ሐሙስ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ የሴቶች አረፋ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ያሉ የስልጤ ሴቶች እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አተካናውን፣ ያንን የቡላና የቅቤ ምግብ፣ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ቡላውም ቅቤውም በሰው ሻንጣ ከአገር ቤት የመጣ ነው።

አባርረውኝ ሲያበቁ ደግሞ መልሰው ይጠሩኛል። ነይ አሽትቺው፣ ምን ምን ይላል? ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል አልኩ። እሳቱን አጠፉ። ማስታወሻዬ፣ ይኼ ፈተና ካልሆነ ምንድን ነው? በዚህ ዕድሜዬ ሙያ ልፈተን?

ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9

ጉድ ሆንን። የቀረውን ቅቤ ጣዱና እንደለመዱት ጠሩኝ። ምን ምን ይላል? እኔ ስልክ ላይ ነኝ፣ በፈተናቸው ደሜ ፈልቷል። ከሶፋው ሳልነሳ ገና ነው አልኩ። አመኑኝ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቡላ ሲነፉ አረረ። ያንን የመሰለ የአገር ቤት ቅቤ! የጢሱ አላርም ሲጮህ ነው ዞር ያሉት።

ያረረውን ድስት ይዘው መፈተግ ጀመሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባሌ ጀማል ከታክሲው ገብቶ ሰማ። ለብቻዬ ጠርቶ፣ አርጅተዋል፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ኩሽና አይገቡም አለ። ከድስቴ የለያችሁኝ ቀን ቅበሩኝ የሚሉ ሴትዮ ናቸው እኮ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 5

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ያለው ሐበሻ ሱቅ ሄጄ ባረረው ምትክ ቅቤ ገዛሁ። ተመልሼ በሩን ስከፍት ጋዝ! አናቴን መታኝ። የምድጃው ቁልፍ ተከፍቷል፣ እሳት የለም። እማማ እዚያው ወንበር ላይ ቡላቸውን ይነፋሉ። ያ ረቢ! ቁልፉን ዘጋሁ። መስኮቱን በረገድኩ። እጃቸውን ይዤ ወደ ውጪ ጎተትኳቸው። ምን ሆነሻል ልጄ፣ አበድሽ እንዴ ይሉኛል።

ፓርኪንጉ ላይ ቆመን ገባኝ። አይሸታቸውም! ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ጉንፋን ከያዛቸው ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። የሚያባርሩኝም እንዳላውቅባቸው ነው። ለጀማል አትንገሪብኝ አሉ፣ ጉልበቴን ሊይዙ ምንም አልቀራቸው።

ለካ ፈተና አልነበረም። አፍንጫዬን ነበር የሚዋሱት። እኔ ደግሞ ከሶፋ ላይ ገና ነው! አፈርኩ፣ በአላህ።

ከሰዓት 8

ጋዝ ሲሸት የሚጮህ ማሽን ገዝቼ ሰካሁ። ከእማማ ጋርም ተነጋገርን። ያለ እኔ ምድጃ አይለኮስም። ከኩሽና መባረር ቀረ። ከአረፋ በኋላ ለጀማል ራሳቸው ይነግሩታል፤ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ። ቅር እያላቸው እሺ አሉ።

የነገው ግን ያስፈራኛል። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ቢያርባቸው አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት 10

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሳቅ፣ ጫጫታ። ቅቤው ተጥዷል፣ ቡላው ቀጥሎ ይገባል። እኔ መኝታ ቤት ሻሼን ላስተካክል ብዬ ገብቼ ነው የምጽፍልሽ። እሳቱን ዝቅ አድርጌ ነው የመጣሁት። ብሳሳትስ? አንዷ እንግዳ ተጠግታ አሸተተችኝና፣ በአረፋ ቀን ሽቶ የማትቀቢው ምነው፣ ባልሽ ነፈገሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩላት። ሽቶ ባልቀባ ምን አለበት፣ ዛሬ አፍንጫዬ የእማማ ነው።

ጠሩኝ። በሁሉም ፊት፣ ጮክ ብለው። ሐያት፣ ነይማ ልጄ፣ ምን ምን ይላል?

መጣሁ፣ እማማ!