ማር ሳይደርስ የወረደ ቀፎ

ጂንካ፣ ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ወልደሰማያት፣

ካለህበት ጤናህ እንዴት ነው ልልህ ነበር፤ ግን የት እንዳለህ በምን አውቄ? እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ። ጠዋትና ማታ ቀበሌ እየሄድኩ እፈርማለሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ታማ ተኝታለች፤ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ ሦስቴም «ዋስ የሆንሽለት ሰው ሲመጣ ትሄጃለሽ» ተባልኩ። አንተ ደግሞ እንደማትመጣ እኔም እነሱም እናውቃለን።

ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሰው በሰው ፊት ይስቅብኛል። «ለሕፃናቱ ማሰብ አስተምራለሁ ትያለሽ፤ አንቺን ግን አንድ ሠዓሊ ሸወደሽ» ይለኛል። ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃለህ።

ያን የሥዕል መጽሐፍ ስንሠራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አንድም ቀን አልነገርኩህም። ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ገጾቹን ሳንሰፋ፣ አደባልቀን እንበትንላቸው ነበር። በአንዱ ታሪክ ወንዙ ከሞላ እረኛው ልጅ ይጠብቃል፤ ከጎደለ አንድ ፍየል ያሻግራል፤ ፍየሎቹ እስኪያልቁ ይመላለሳል። የቱ እንደሚቀድም፣ ለምን እንደሚቀድም ተጨቃጭቀው ይደረድሩታል። «ማንበብ ሳይችሉ ምን ያስባሉ?» ያሉን የትምህርት ቢሮ ሰዎች መጥተው አፋቸውን ይዘው ተመለሱ።

የመጨረሻዎቹን አምስት ገጾች ሠርተህ የሰጠኸኝ ማክሰኞ ነው። የሥዕሉ መንገደኛ ከቤቱ ወጥቶ፣ በቀይ አፈር ከተማ ገበያ አልፎ፣ ቆላው አርቦሬ ደርሶ ይመለሳል ብለኸኝ ነበር። በነጋታው ቦሼ፣ ያቺ የስድስት ዓመቷ የአሪ ልጅ፣ አራቱን ደርድራ የመመለሻውን ገጽ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ ውሸት ነው፣ መምህርት። ሰውዬው አይመለስም።»

«ምነው?»

«ቀፎውን ለጎረቤት ሰጠ። ማር አልደረሰም። የሚመለስ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ሥዕሉን አየሁት። እውነትም ቀፎው ከዛፉ ወርዶ ጎረቤቱ ተሸክሞታል። አንተም እሁድ ለት ሬዲዮህን ለጎረቤትህ ለእልፍነሽ ሰጥተሃል፤ ብርድ ልብስህን ሸጠሃል። ስምህ ለውትድርና ሊጠራ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያወራል። ከአርቦሬ ወዲያ ደግሞ የኬንያ ድንበር ሩቅ አይደለም። ልጆቹን እንደማስተምረው እኔም ነገሩን ደረደርኩት፤ እንደማትመለስ ገባኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቤቴ መጣህ። «የአርቦሬን ከብቶች አይቼ ልሥል ነው እትዬ፤ ለአምስት ቀን ብቻ። የይለፍ ወረቀት ያለ ዋስ አንሰጥም አሉኝ» አልክ። ዓይኔን ሳታይ ነው ያልከው። ተከትዬህ ቀበሌ ሄጄ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ።

ሁለት ወንድሞቼ ወደ ሰሜን ዘምተው አንዱም አልተመለሰም። ሦስተኛ መሸኘት አቃተኝ።

ጓድ ደምሰው ሲስቅብኝ ዝም የምለው ለዚህ ነው። እያወቅኩ መፈረሜን ቢደርሱበት እስር ቤት ነው የምገባው፤ ስለዚህ ሞኝ ሆኜ እፈርማለሁ። አንዳንድ ጠዋት እናቴን ሳስብ እረግምሃለሁ፤ አልዋሽህም። ማታ መልሼ ይቅር እልሃለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ቢደርስህ ኖሮ ግን አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልግ ነበር። አላታለልከኝም። የተቀየምኩህም ስለሄድክ አይደለም። እውነቱን ብትነግረኝም እፈርምልህ ነበር።

ዋስህ፣
የሺመቤት