ግማሽ ብርጭቆ ሑመር

መቐለ፣ ዓይናለም
መጋቢት 25

ውድ እናቴ ኣደይ ዘቢብ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ናዝሬትና የልጅ ልጆችሽስ እዚያ ዓዲግራት ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ስምዖን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ደክሞት ይመጣል እንጂ ጤናው ጥሩ ነው። የዱባሽ ሐረግ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ ፍሬውን ማን ይውሰድ የሚለው ገና አልተወሰነም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ዳኒ ነው፣ የሚኒባሱ ሾፌር። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዱባው አውርቼ ዘጋሁት። አባ ተስፋልደት ዘንድ ንስሐ ብገባ አርባ ስግደት ሰጡኝና፣ "ይሄ ለእግዚአብሔር ነው። ለዘቢብ ደግሞ ራስሽ ንገሪያት" አሉኝ። ስግደቱን በአንድ ቀን ጨረስኩት። ሁለተኛው ይኸው አንድ ወር ፈጀብኝ።

"እርስዎ" ብዬ ልጀምር ነበር፣ ጥፋት ላለበት ሰው ይሻላል ብዬ። ግን ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ቀን "እርስዎ" ስልሽ፣ "ዋእ! እኔ ቄስ ነኝ እንዴ? አንቺ በይኝ ጓለይ፣ ልጄ ነሽ" ያልሽኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። አማርኛውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረሽበታል፤ ማንም እንዲያነብልሽ አትስጪ። መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ በይ።

ነገሩ ስለ ጸብሒ ህንዲ፣ ስለ ህንዱ ወጥሽ ነው።

ባሏ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ከወይዘሮ ሱማቲ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትሠሪ የተማርሽውን ከሪ በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ ሥጋ አትበላም፤ አንቺም አይተሽ አይተሽ፣ "ይሄ እኮ የጾም ወጥ ነው" ብለሽ ወደ ቤትሽ አመጣሽው። እኔ ከደሴ የመጣሁ ጊዜ ካሮትና ዱባና ስኳር ድንች በአንድ ድስት ሲገቡ ሳይ፣ የታመመ ሰው አለ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሁሉም ጣፋጭ፤ የሚቁላላው ሽንኩርት ራሱ ጣፋጭ። ይሄ ወጥ ሳይሆን ማርማላታ ነው የሚሆነው ብዬ በልቤ ስቄብሻለሁ። ይህንንም ይቅር በይኝ።

በመጀመሪያው ዓቢይ ጾሜ መጋቢት 23 የጊዮርጊስ ማኅበር ተራሽ ደረሰ። እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ እስከዚያ በአፍሽ አንድ ጠብታ አይገባም፣ አንቺ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃው ፊት ቆመሻል። እናቴም በጾም ሳትቀምስ ትሠራለች፤ ግን እሷ የምትሠራው ሽሮ ነው። ሽሮ አያታልልም። ያንቺ ድስት ውስጥ ያሉት ግን በየዓመቱ ጠባያቸው የሚለዋወጥ፣ አንዱ ዛሬ ማር ሆኖ ነገ ውሃ የሚሆን ነገሮች ናቸው።

ካሮቱን ለሁለት ሰብረሽ ድምፁን ሰማሽ። ዱባውን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ጫር አድርገሽ አሸተትሽው። ስኳር ድንቹን ከቆረጥሽ በኋላ ቢላው ላይ የቀረውን ነጭ ፈሳሽ በሁለት ጣትሽ አሻሸሽና ሲጣበቅብሽ፣ "ይቺ ሌባ ናት፣ ስኳሯን ደብቃ ነው የምትገባው፣ ጠብቂያት" አልሽኝ። ከዚያ አብሹን በመጥበሻ ቆላሽ፤ መራራነቱ የሚበቃው መቼ እንደሆነ አፍንጫሽ ነገረሽና ከእሳቱ አነሳሽው። ሰናፍጩን ዘይት ውስጥ አፈነዳሽ፤ ዝንጅብሉን፣ ቃሪያውን፣ እርዱን በየሰዓታቸው ጨመርሽ። መጨረሻ ላይ ከዋዜማው ዘፍዝፈሽ ያጠለልሽውን ጎምዛዛ የሑመር ፍሬ ጭማቂ ትንሽ ትንሽ እያንጠባጠብሽ ጆሮሽን ወደ ድስቱ ደፋሽ።

"ምን ትሰሚያለሽ?" አልኩሽ።

"ድስቷ ስትታረቅ ድምጿ ይወፍራል። ስሚ።"

ጆሮዬን ብደፋ የሰማሁት የሚፈላ ድስት ነው። ዛሬም የምሰማው እሱኑ ነው።

ሑመሩ ሁሉ አላለቀም ነበር። ግማሽ ብርጭቆ ቀረ። በስኒ ማስቀመጫ ከደንሽው፣ መስኮቱ ስር አኖርሽውና፣ "እኔ ልጸልይ፣ ድስቱን እይልኝ ጓለይ" ብለሽ ገባሽ። በሩን እንደዘጋሽ፣ ኣደይ፣ ማንኪያ አነሳሁ። ጾሜን አፍርሼ ቀመስኩ።

በጣም ጥሩ ነበር። ጣፋጩ ብቻ ከሌሎቹ ትንሽ ቀድሞ ይወጣል። ወደ መስኮቱ ሳይ ያቺ ብርጭቆ አለች። ሴትዮዋ ረሳችው አልኩና ጨመርኩት፣ አማሰልኩት፣ እንደገና ቀመስኩ። ልክ መጣ። ልክ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ካሮቱ ካሮት ነው፣ ዱባው ዱባ ነው፣ መራራውም ጎምዛዛውም አለ፣ ግን አንዱም ከአንዱ በላይ አይጮህም። ማንኪያውን ይዤ ድርቅ ብዬ ቆምኩ። የማኅበሩ ሴቶች በልተው "ሳትቀምስ እኮ ነው!" እያሉ እጅሽን ሲስሙ እኔ በጓዳ በር ቆሜ ለራሴ ፈገግ አልኩ። የቀመሰው ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኛ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በየዓመቱ ግማሽ ብርጭቆ ትረሻለሽ፣ በየዓመቱ እኔ እጨምራለሁ። መንገድ በተዘጋባቸው በእነዚያ ዓመታት እንኳ፣ ድስቱ ግማሽ ሆኖ ካሮት ብቻ የበላን ጊዜ፣ ብርጭቆዋ አልቀረችም። ድስቱ ግማሽ ስለነበር እሷም ሩብ ነበረች። ያኔ እንኳ አልነቃሁም። ሑመር እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ጊዜ ማን ረስቶ ይተወዋል ብዬ አልጠየቅኩም። የገባኝ መስሎኝ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ድስት ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ምስጋናውን የምትወስደው ግን ኣደይ ዘቢብ ናት።

አሁን ወደ አምናው ልምጣ። 

በዋዜማው የማኅበርሽ ኣደይ ለተኪሮስ ሽንኩርት ሊያግዙን መጥተው ነበር። እኔ ውሃ ልቀዳ የወጣሁ መስሏቸው፣ "ያንቺ እጅ ከማን ይተርፍ ይሆን ዘቢብ? ይቺ ልጅ እንደሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሽንኩርት ልጣጭ አላለፈችም" አሉ። በሩ ኋላ ቆሜ መልስሽን ጠበቅሁ። አንድ ቃል እንድትይልኝ ብቻ። አንቺ ዝም አልሽ። ሳቅሽ የመሰለ ድምፅ ስሰማ ቀሪውን ሳልጠብቅ ሄድኩ።

በማግስቱ እንደ ልማድሽ ብርጭቆዋን ከድነሽ ለጸሎት ገባሽ። እኔ ቀመስኩ። እንደ ልማዱ ጣፋጩ ቀድሞ ወጣ። ብርጭቆዋን አነሳሁና ማጠቢያው ላይ ደፋኋት። አለቅልቄ መስኮቱ ስር ደፍቼ አስቀመጥኳት። ዛሬ ያለ ሠርክአዲስ ይዩሽ አልኩ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሰይጣን አይደለም፤ በሰው ማላከክ አልፈልግም።

የሆነውን ታውቂዋለሽ። ኣደይ ለተኪሮስ አንድ ጊዜ ጎርሰው፣ "ዘቢብ፣ ዘንድሮስ ለሕፃን ልደት ነው እንዴ የሠራሽው?" አሉ። ሁሉም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ፤ ከዚያ ጎረስሽ፣ ሳቁም ፊትሽ ላይ ቀረ። ወደ ጓዳ ገብተሽ የተደፋችውን ብርጭቆ ስታዪ አየሁሽ። ባዶ መሆኗን አይተሽ ከላይዋ እጅሽን አሳረፍሽ። ያኔ ምን እያሰብሽ እንደነበር አልገባኝም ነበር። ከፋሲካ በኋላ፣ "እጄ ሞቷል ጓለይ። ለናዝሬት ልጆች ልሁን" ብለሽ ሻንጣሽን ያዝሽ። ስምዖን ለመነሽ። እኔ ግን ሻንጣሽን እስከ መናኸሪያ ተሸከምኩልሽ፤ አፌን ሳልከፍት።

ባለፈው ወር የማኅበሩ ተራ ሲቃረብ ለናዝሬት ደውዬ፣ "እናትሽ ሑመሩን ስንት ነው የምትዘፈዝፈው? ሁልጊዜ ግማሽ ብርጭቆ ትረሳለች፤ ቀንሼ ልዘፍዝፍ?" አልኳት። ናዝሬት ሳቀች።

"እናቴ? እናቴ ረስታ አታውቅም" አለችኝ። "አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሁሉንም ነበር የምትጨምረው። የመጣሽ ዓመት 'ልጅቷ ሽንኩርት ስትልጥ ዓይኗ ድስቱ ላይ ነው' አለችኝ። 'ግማሹን እተውላታለሁ፤ ድስቱ ላይ እጇ ከሌለበት ቤቱ ቤቷ አይመስላትም' ብላ ነው።"

ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቆይቼ ደግሞ የባሰው ገባኝ። አምና ብርጭቆዋን ባዶ ስታዪያት ጨምሬዋለሁ ብለሽ ነው ያሰብሽው። በእኔ ላይ ቅንጣት አልጠረጠርሽም። የጠረጠርሽው እጅሽን ነው። ስለዚህ ስሚኝ፤ እጅሽ አልሞተም። ድስቱ ከሌላው ዓመት የጎደለው ያው ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ የደፋሁትም እኔ ነኝ። ከእሱ በቀር እንደ ሁልጊዜው ልክ ነበር፤ ቀምሼዋለሁ።

አሁን ያለሁበትን መደነቅ እንዴት ልጻፍልሽ? ሳይቀምሱ ልክ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ተአምር እለው ነበር። አንቺ ግን ሳትቀምሺ፣ ልኩን በጆሮሽና በአፍንጫሽ አግኝተሽ፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ዝቅ አድርገሽ ታቆሚዋለሽ። አንዱ ዓመት ካሮቱ ማር ነበር፣ አንዱ ዓመት ዱባው ውሃ፣ በከበባው ጊዜ ጨው እንኳ እንደልብ አልነበረም። የሚጎድለው ግን ሁሌም ያው ነበር፤ አንድ ማንኪያ አልበለጠም፣ አንድ ማንኪያ አላነሰም። ስድስት ዓመት ያንን ስህተትሽ ብዬ ሳርም ነበር። ለእኔ ልክ የተሠራ ቦታ መሆኑን ሳላውቅ በየዓመቱ ገብቼ ተቀመጥኩበት።

ከትናንት በስቲያ ተራችን ደረሰ። ሳልቀምስ ሠራሁ፤ የእውነት፣ ጾሜን ሳላፈርስ። ካሮቱን ሰበርኩት፤ የካሮት ድምፅ ሰጠኝ። ዱባውን ጫርኩት፤ ዱባ ዱባ ሸተተኝ። ስኳር ድንቹ ጣቴ ላይ ሲጣበቅ ያቺን ሌባ አወቅኳትና ደነገጥኩ፤ ደንግጬ ሑመሩን እስከ ጠብታው ገለበጥኩት። ሴቶቹ ሲጎርሱ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ኣደይ ለተኪሮስ ውሃ ጠጡና፣ "ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አምና ጣፈጠ፣ ዘንድሮ ኮመጠጠ፣ ለከርሞ ልኩን ታገኚዋለሽ" አሉ፤ ደግነታቸው ነው። እኔ ግን ቆሜ፣ በሁሉም ፊት፣ የአምናውን ነገርኳቸው። ብርጭቆዋን፣ ማጠቢያውን፣ በሩ ኋላ የሰማሁትንም።

ኣደይ ለተኪሮስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ያን ዕለት ዝም አላለችም እኮ" አሉ። "አንቺ ሄደሽ ይሆናል እንጂ። ስቃ ስቃ፣ 'ለተኪሮስ፣ አንቺ ስድስት ዓመት የማንን እጅ ስትበዪ እንደኖርሽ አታውቂም' ብላኛለች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።" ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው፣ "በሊ፣ ንዘቢብ ኣምጽእያ" አሉኝ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ አምጫት፣ አምጫት እያሉ።

ስለዚህ ማምጣቴ ነው። ዳኒ ነገ ይህን ሰጥቶሽ ሲመለስ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ከዓዲግራት መናኸሪያ ይነሳል፤ የፊቱን ወንበር ይይዝልሻል። ይቅርታሽን በወረቀት አልለምንም። ፊትሽ ቆሜ፣ ጉልበትሽን ይዤ እለምናለሁ።

ከነገ ወዲያ ሆሳዕና ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ድስቱን እኔ እጥዳለሁ። እሑድ ስለሆነ መቅመስ ይቻላል፤ እኔ እቀምሳለሁ፣ አንቺ እንደማትቀምሺ አውቃለሁ። ልኩ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አቆማለሁ። ግማሽ ብርጭቆ ሑመር አስቀርቼ፣ በስኒ ማስቀመጫ ከድኜ፣ መስኮቱ ስር አኖርልሻለሁ። ያቺን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ። ካልመጣሽ ወጡ እንደጎደለ ይበላል እንጂ እኔ ብርጭቆዋን አልነካትም።

ልጅሽ
ሠርክአዲስ